ዘነበች የመረጠችው የሠርግ ዘፈን

የከበሮ ቆዳ እሳት ዳር ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ፣ ነቀምቴ ገበያ ዳር የነበረው ቤታችንና ማንም አርፎ መቀመጥ ያልቻለበት ያ ዓመት አብረው ይመጡብኛል። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነበር፤ እናቴ የሲሬ ኦሮሞ ነበረች። ታላቅ እህቴን ዘነበችን ለአንድ የአርጆ አስተማሪ የዳሯት በዚያ ዓመት ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሽማግሌዎቹ ጥሎሹንም ቀኑንም ያለ ችግር ጨርሰው ነበር። ነገሩ የተበላሸው በዘፈኑ ነው። የሙሽራው አባት ኦቦ ገመዳ የሚሲዮን ሃይማኖት አጥብቀው የያዙ ሰው ስለነበሩ «ከበሮ ከተመታ የእኛ ሰው ዳሱ ውስጥ አይቀመጥም፤ መዝሙር ይበቃል» ብለው ላኩ። አባቴ ይህን ሲሰማ መቀሱን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ «ልጄ የሙት ልጅ ናት እንዴ ያለ ከበሮ የምትዳረው?» አለ።

መስከረም ከጠባ በኋላ የአባቴ ወንድም የሆነው አጎቴ በእልህ፣ ከሱቅ በተመለሰ ቁጥር ከበሮውን እሳት ዳር እያሞቀ ይሞክረው ጀመር። የሙሽራው ጓደኞች ደግሞ «ሁለቱም ይቅር፣ ሸክላ ማጫወቻ ይምጣ» ብለው ሌላ ጭቅጭቅ ጨመሩ። እናቴ አባቴን ስታገባ ዘመዶቿ ስላልፈቀዱ አንድም ሰው ሳይዘፍንላት ነበር ቤቱ የገባችው፤ ክርክሩ ሲነሳ ትታቸው ትወጣ ነበር። ዘነበችን የጠየቃት የለም። ወጥ እያሳረረች፣ የጀመረችውን ጥልፍ መልሳ እየፈታች፣ ከጓሮ ወደ በር ትመላለስ ነበር፤ እኔም ሠርጉ የሚፈርስ እየመሰለኝ ተከትያት እመላለስ ነበር።

ኅዳር ላይ በአንድ የገበያ ቀን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ እጄን ይዛ ወጣች። ቅቤ ተራ ስንደርስ ከአርጆ ለገበያ የመጡትን የሙሽራውን እናት አዴ ዲንቂን ተቀምጠው አየሁና ደነገጥኩ፤ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት አማቷ ፊት መቅረቧ ነውር ነበርና። እህቴ ግን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስማ፣ በኦሮምኛ «እርስዎ ሲዳሩ ምን ተዘፈነልዎ?» አለቻቸው።

አዴ ዲንቂ ግራ ቀኙን አዩ። «እሱማ የድሮ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ ጌታን ሳላውቅ።»

«ያስታውሱታል?»

አዴ ዲንቂ ቅቤ የነካ እጃቸውን በቅጠል ጠረጉና፣ ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ፣ ልጅ ከናቷ ቤት ስትወጣ ጓደኞቿ የሚዘፍኑላትን ቀስ ብለው አዜሙት፤ አጠገባቸው የነበሩት ሴቶችም ተቀበሏቸው። ዘነበች እያለቀሰች «የምፈልገው ይህንን ነው» አለች።

ቤት ተመልሳ ከበሮም ሸክላም እንደማትፈልግ፣ ሴቶች በአፋቸውና በእጃቸው ብቻ እንዲዘፍኑላት ስትናገር፣ አባቴ «ማን ፈቅዶልሽ ነው አማትሽ ዘንድ የሄድሽው?» ብሎ ጮኸባት። እናቴ በዚህ ጊዜ አልወጣችም።

«ተዋት። ዘፈኑን እኔም አውቀዋለሁ» አለች።

አባቴ ዞሮ አያት። ያን ሁሉ ዓመት አብረው ሲኖሩ ስትዘፍን ሰምቷት አያውቅም ነበር። ወደ ሱቁ ገባ፣ ስለ ከበሮውም ዳግመኛ አላነሳም።

ጥር ላይ ሠርጉ ደረሰ። ሴቶቹ ሲጀምሩ ኦቦ ገመዳ፣ ከበሮ ባይመታም መዝሙር አልነበረምና፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ከዳሱ ወጡ፤ ተከትለዋቸው የወጡም ነበሩ። ሁላችንም አዴ ዲንቂን አየን። ባላቸው የወጡበትን በር አዩና ተነስተው ከእናቴ ጎን ቆሙና ድምፃቸውን ከእሷ በላይ ከፍ አደረጉ። አጎቴ ያገሩን ጭብጨባ ጨመረበት፤ አልገጠመም፣ ግን ማንም ተው አላለውም። ኦቦ ገመዳ እህቴን ያነጋገሯት የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ የልጅ ልጅ ነቀምቴ ውስጥ ባንድ አዳራሽ ስታገባ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ዘፈኑን በስልክ ተነጋግረው ባንድ ከሰዓት መርጠውት ኖሮ፣ የተቀጠረው ልጅ መዝሙሩንም ጉራጊኛውንም ኦሮምኛውንም በኦርጋን እያፈራረቀ ተጫወተው። ሁሉም ለሁሉም ጨፈረ፤ ተቆጥቶ የወጣ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘነበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለችኝ፤ ድምፅ ማጉያው ግን አላሰማኝም። «ምን አልሽ?» ብላት፣ እጇን አወዛውዛ ተወችውና፣ ያኔ አዴ ዲንቂ ቅቤ ተራ እንዳደረጉት ጉልበቷን በጣቷ ትመታ ጀመር።