የተዘለለው ገጽ

አጎቴ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር በየወሩ አንድ ትልቅ የቆየ መጽሐፍ ሊያነቡ ከራሳቸው ጋር ይወራረዱ ነበር፤ የተረፈው በጳጉሜ ያልቃል። ዓይናቸው ሲደክም ማንበቡ የእኔ ሥራ ሆነ። ጎባ ሥራ ውዬ ሮቤ ስመለስ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ይጠብቁኛል። ገጽ ከዘለልኩ “ዱባቲ ዴቢኢ!” ይላሉ፤ ወደኋላ ተመለሺ ማለታቸው ነው። ሲቆጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

ሕመማቸው ጸንቶ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የመዳን ተስፋ እንደሌላቸው የነገረኝ ሰሞን፣ በምናነበው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ታሞ የሚሞትበት ቦታ ደረስን። ሞቱን ዘልዬ ቀብሩን ማንበብ ጀመርኩ።

“ሰውየውን ሳይሞት ቀበርሽው እኮ!” አሉ። “ዱባቲ ዴቢኢ።”

ተመለስኩ። እንባዬ እየወረደ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና “በይ፣ አሁን ቅበሪው” አሉኝ።

ጳጉሜ ሳትገባ እሳቸውን ቀበርናቸው። ድንኳኑ ተነሣ፤ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ሄደ። ከዓመቱ መጻሕፍት አንዱ ሳይነበብ ቀርቶብናል። ከሥራ ስመለስ ከባዶው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ እሱን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሆን ብዬ አንድ ገጽ እዘልና፣ እጠብቃለሁ።