ለጌትነት ለቅሶ ያወጣሁት ካርድ

ዛሬ ልጄን ቀበርሁ። በለቅሶው ሜዳ ላይ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ይዤ ወጣሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እየተናገርሁ የምትጽፍልኝ ሴት ልጄ ናት።

ጌትነት ደባርቅ ላይ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠችበት።

በእኛ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃውና ካባው ወጥቶ ይለቀስበታል። የእኔ ልጅ ሁለቱም የለውም። ያለው ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠራቀመው የአንድ የእንግሊዝ ቡድን ተጫዋቾች ካርድ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ እራት አይበላም ነበር፤ ከቄሶቹ በላይ ጾሟል።

የሚስቴ ወንድም እጄን ያዘኝ። «አያ ሞላ፣ ይተዉ። የፈረንጅ ፎቶ ይዘው ሰው ይሳቅብን እንዴ? የእርስዎን ምንሽር እናውጣለት።»

«ምንሽሩ የኔ ነው፤ እኔ ስሞት ታወጡታላችሁ። ልጄ በሰው ዕቃ አይለቀስም» አልሁት።

አልቃሿ ካርዶቹን ተቀብላ አየቻቸውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አባባ፣ እነዚህ ምኑ ናቸው?»

«እሱ ይወዳቸዋል። እነሱ አያውቁትም።»

ይህንኑ ግጥም አድርጋ አወረደችው። ሜዳው በሙሉ አለቀሰ፤ የሚስቴ ወንድምም ደረቱን መታ።

እናንተስ አገር ጠመንጃና ካባ ለሌለው ወጣት ምን ይዛችሁ ታለቅሳላችሁ? ጻፉልኝ፤ ልጄ ታነብልኛለች።