ከላይ የገባ ውሃ

ከአገሬ ወጥቼ የማገለግላቸው ሃጁ እግራቸው ከከዳቸው በኋላ የጀልባቸው ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ጀብራ ሰፈር ካለው ቤታቸው ምሳ አብስዬ፣ አልጋቸውን አንጥፌ ስጨርስ፣ ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍሬ እየተጋፋሁ ወደ ወንዙ እወርዳለሁ።

ጀልባዋ ሸራዋ የተተለተለ አሮጊት ነበረች። ሆዷ ሥር፣ ከውሃው በታች፣ ውሃ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ሦስት ቀዳዳዎች አሏት፤ በየቀዳዳው የነሐስ መዝጊያ። መዝጊያዎቹ እንዳይደርቁ መክፈት፣ መዝጋት፣ ግራሶ መቀባት የኔ ሥራ ሆነ። አንዱ ቢሰበር ብለው ሃጁ ለየቀዳዳው የእንጨት ውታፍ ጠርበው አጠገቡ በሲባጎ አስረዋል። የዕቃ ማጠቢያው መዝጊያ መልኩ ወደ ሮዝ ዞሯል። «ውሃው በልቶታል ማለት ነው፤ ሳልቀይረው ታመምኩ» ይሉ ነበር፤ ጭንቀታቸው እሱ ነው። ከላይ ደግሞ፣ ሰው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ወለል ላይ፣ ዝናብ የሚያፈሱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። እነሱን በሽቦ እጎረጉራለሁ።

ስመለስ ጥያቄያቸው አንድ ነው።

«ያ ቢንቲ፣ ውሃ አስገብታለች?»

«አላስገባችም፣ ያ ሃጅ። ደለል ብቻ ነው።»

«ደለሉማ ያገርሽ ነው! ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ የኔን ቀዳዳ ይዘጋል። አንቺው ጥረጊው!»

ይስቁና ሳል ያፍናቸዋል።

ጀልባዎቹን የሚጠብቁ ሽማግሌ ጋፊር ነበሩ። ዳርቻው ዘይትና የፍየል በጠጥ ስለሆነ፣ ንጹሕ ቦታ ፍለጋ የሃጁ ጀልባ ላይ ወጥተው፣ ሰሌን አንጥፈው ይሰግዳሉ። ሲጨርሱ ጠቅልለው ያነሱታል። እኔም ሰግጄበታለሁ።

ወንዙ በሞላበት ወቅት አንድ ቀን ሃቡብ ተነሳ፤ አቧራው ሰማዩን ሸፈነው፣ ዝናብ ተከተለው። ጋፊሩ ከስግደት ተነስተው የሌሎቹን ጀልባዎች ገመድ ሊያጠብቁ ሲሮጡ ሰሌኑ እንደተነጠፈ ቀረ።

በማግስቱ ስደርስ የሚታየው ምሰሶዋ ብቻ ነው።

«ሶላቴ አሰጠማት» አሉኝ ጋፊሩ፣ ጭቃ ላይ ተቀምጠው።

«አስተግፊሩላህ ይበሉ፣ ያ ዓም! ሶላት ጀልባ አያሰጥምም። ሰሌኑ ነው።»

ሰዎች በገመድ ጎትተው ዳር ሲያወጧት ጎኗ ተሰነጠቀ። ገብቼ አየሁ። ሦስቱም መዝጊያዎች እንደዘጋኋቸው ናቸው። ሰሌኑ ከነጭቃው ሁለቱ የላይ ቀዳዳዎች ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፏል። መውጫ ያጣው ዝናብ ሞልቶ የታችኛውን ክፍል በር ደፍ ተሻግሮ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ቤት ስደርስ ባለቤታቸው ሃጃ በር ላይ ያዙኝ።

«ደህና ናት በዪው። ዛሬ ነገ ለሚሞት ሰው ይሄ ምን ይረባዋል?»

«ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ፣ ሃጃ። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ጠየቁኝ።

«ሰጥማለች፣ ያ ሃጅ።»

«ከታች ነው ከላይ?»

«ከላይ ነው። ሮዙም አልተሰበረም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የአልሐምዱሊላህ አልነበረም። ሃጃ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። «ላዩን ምን ዘጋው?» አሉ ሃጁ።

የጋፊሩ እንጀራ በምላሴ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ነገርኳቸው።

«ሰሌኑ ተገኘ?»

«ተገኝቷል።»

«አጥበሽ መልሽለት። ምን ላይ ይሰግዳል?»

ከዚያ በኋላ ስለ ጀልባዋ አላነሱም። ሰሌኑን ግቢ ውስጥ አጠብኩት፤ ደለሉ ከሽመናው አልለቅ ብሎ አስቸገረኝ። ሳይደርቅ ግቢው ውስጥ የሐዘን ድንኳን ተተከለ። እርጥቡን ጠቅልዬ በሃፍላ ለጋፊሩ ወሰድኩላቸው።