ጓሳ ላይ ያረፈው ፓይለት ቅጣት

ይህ ነገር የሆነው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መሐል ሜዳ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለባለቤቴም ጭምር።

አንድ ቀን የቀበሌ መልእክተኛ ትምህርት ቤት መጣና “ጓሳ ላይ ፈረንጅ በአውሮፕላን ወድቋል፤ ቋንቋ የሚችል ይፈለጋል” አለኝ። ጓሳ ከከተማው ርቆ ያለ ሰፊ የደጋ ሜዳ ነው፤ በፈረስ ሄድን። ፈረንጁ ግን አልወደቀም። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የራሱን ትንሽ አውሮፕላን ከኬንያ ወደ ሰሜን ሲያበር ጉም መንገድ ቢዘጋበት ሜዳው ላይ አርፏል። ስንደርስ አንድ ወረቀት እያውለበለበ ይቆጣል።

ወረቀቱ የቀበሌው የቅጣት ወረቀት ነበር። “የጓሳን ሕግ በመጣስ ሁለት መቶ ብር” ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ካልከፈለ አውሮፕላኑ አይነሳም ተብሏል። ሰውየው ደግሞ የበረራ ፈቃዱ የሚያበቃው በማግስቱ ነው። ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ በማለዳ ብርድ ካልሆነ በቀር አውሮፕላኑ ለመነሳት አቅም አያገኝም አለኝ።

“ፈቃዴን ከአዲስ አበባ ነው ያገኘሁት። በማረፌ የምቀጣው በየትኛው ሕግ ነው? ጠይቅልኝ” አለኝ።

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልክድም። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ይሁን እንጃ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይ ቶሎ የሚታየኝ የሰው ኪስ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ዓይኑን ከአውሮፕላኑ አይነቅልም። ሁለት ታጣቂዎች “ካርታ ይዟል፣ ሰላይ ነው” እያሉ ያንሾካሽካሉ። የጓሳው ጠባቂዎች አለቃ፣ አያ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከላይ እስከ ታች ያዩኛል። ነገሩ አልጣመኝም። ማንንም ሳልጠይቅ በእንግሊዝኛ “ሌቦች ናቸው፤ ሽማግሌውም አብረው ነው የሚበሉት። እንዳትከፍል፣ ለኤምባሲዬ እከሳለሁ በላቸው” አልኩት።

እሱም “ለኤምባሲዬ እከሳለሁ!” ብሎ ጮኸ። እኔም ተረጎምኩ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለዋወጠና “እንግዲያው ደብረ ብርሃን ይሂድ፤ ፖሊስ ይጠይቀው” አለ። ታጣቂዎቹ ሻንጣውን አነሱ። ሰውየውን እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ይሄኔ አያ ወልዴ ጠጋ አሉ። “መምህር፣ ለምን እንደተቀጣ ነግረኸዋል?”

“በማረፉ አይደለም እንዴ?”

“በማረፉማ ማን ይቀጣዋል? ጉም ያሳረፈው እንግዳ ነው። ና እይ።”

ክንዴን ይዘው ወደ ጎማው ወሰዱኝ። ሰውየው ጎማው ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥበት ሣሩን በቢላዋ አጭዶ ከሥሩ አንጥፎታል። ሦስት ሸክም ይሆናል። ጓሳ የሚባለው ይህ ሣር ደግሞ የአገሬው የቤት ክዳን ነው። ሣሩ እንዲያድግ ሜዳው ለሁሉም ሰው ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ማጨድ የሚፈቀድበት ቀን ገና አልደረሰም።

“የእኔ ቤት ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከረመ፤ እፍኝ አልነካሁም” አሉ አያ ወልዴ። “ይህን ባልፈው ነገ ጎረቤቴን በምን አፌ እከለክላለሁ?”

ወደ ፓይለቱ ተመለስኩና ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። መሳሳቴን በመናገር ፈንታ “ተከራክሬ አሳመንኳቸው፤ ሁለት መቶውን ለሣሩ ብቻ ክፈል፣ ማረፍህንም ፖሊሱንም ትተውልሃል” አልኩት። እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። ወዲያው ከፈለ፣ ደረሰኙንም ተቀበለ፤ ታጣቂዎቹም ሻንጣውን መለሱለት።

በማግስቱ ማለዳ ሰዎቹ አውሮፕላኑን ከጭቃው ገፍተው አወጡለት። አያ ወልዴ የታጨደውን ሣር በሌላውም ጎማ ሥር ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነጠፉለት። “ከታጨደ ወዲያ መልሶ አይተከል” አሉ። ተነስቶ ሄደ።

ከወራት በኋላ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ደብዳቤ መጣልኝ። “በዚያ ቦታ ሐቀኛ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ” ይላል። መልስ አልጻፍኩለትም፤ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

አያ ወልዴ አሁን በሕይወት የሉም። ሌባ ያልኳቸው በማያውቁት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ እስኪያርፉ ድረስ፣ “መምህር” እያሉ ከመቀመጫቸው ይነሱልኝ ነበር።