የመሪጌታ መቋሚያ በእጄ አጠረች

የሞቱትን የመሪጌታን መቋሚያ አሁን አበላሸሁት፣ ወዲያው ነው የምጽፍላችሁ።

እዚህ ደብረ ማርቆስ እንጨት ቤት ነው የምሠራው፣ ከእንጨት እስክሪብቶ እናወጣለን። እማሆይ የባላቸውን መቋሚያ ከደብረ ኤልያስ አመጡልኝ፣ ምስጥ በልቶት የተረፈችው ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ ብቻ ናት።

"ልጄ፣ በሱ ወንበር ለተተካው ተማሪው እስክሪብቶ አድርጊልኝ" አሉኝ።

ቁራጯን በስቼ ቀለሙ የሚገባበትን የነሐስ ቱቦ በኮላ ከተትኩባት። ከዛ ሁለቱ ጫፍ ቀጥ ማለት አለበት፣ ካልሆነ ሲገጣጠም ይሰነጠቃል። እኔ ዓይኔን አምኜ በብርጭቆ ወረቀት ማሽኑ ላይ ያዝኩት፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ያዘነብላል፣ ያንን ስል ደግሞ ይሄኛው፣ እንዲህ ስል ስል ነሐሱም አብሮ ተበላ።

አሠሪዬ ጋሽ አዱኛ ለኳት። "ነሐሱ ሲያበራ አቁሚ ብዬሽ ነበር። እስክሪብቶ ሥሪ አልኩሽ እንጂ ስቴኪኒ መች አልኩሽ?"

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ቱቦው ስላጠረ የቀለሙ ጫፍ ወጥቶ ይቀራል፣ እስክሪብቶው አይዘጋም።

"ሌላ እንጨት ልቀጥልባት?" አልኳቸው።

"ቀጥይ፣ ግን ሙሉው የመሪጌታ ነው ብለሽ እንዳትሰጫቸው።"

ይሄን እያወራን እማሆይ ደወሉ። "ተሳፍሬያለሁ ልጄ፣ ዛሬ በእጄ ልይዘው ነው" አሉኝ፣ ድምፃቸው ደስ ብሎታል። እኔ "እሺ እማሆይ" ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

እናንተስ የሟች ዕቃ በእጃችሁ ተበላሽቶ ያውቃል? ለባለቤቱ ስትነግሩ በምን ጀመራችሁ? ምንም ብትሉኝ ቁራጯ እንደማትረዝም አውቃለሁ፣ ግን መኪናው ሳይደርስ ጻፉልኝ።