ድፎ ዳቦ ይዘን ፒያሳ

ልጄ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ለጥር ሁላችንንም ከደብረ ብርሃን አስመጥታ ልታዞረን አስባለች፤ የታደሰውን ፒያሳ እናያለን፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እንንሸራሸራለን፣ ምሳ ደህና ቦታ እንበላለን። ሁሉንም ከነሰዓቱ ቆርጣ ጨርሳዋለች። በመጨረሻ ድምጿን ጠንከር አድርጋ፣ «እማ፣ ምንም ነገር እንዳትይዢ! ልብስሽን ብቻ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔም በሷ ዕድሜ ይህንኑ ለእናቴ ተናግሬ ነበር።

ያኔ ስድስት ኪሎ ተማሪ ነበርኩ። ከተማውን ጨርሼ ያወቅሁት መስሎኝ፣ አባቴን ሳናግር እንኳ የአራዳ ቃል ያመልጠኝ ነበር። ለጥር ዕረፍት ቤት ስገባ አባባንና እማዬን ፒያሳ ልወስዳቸው ወሰንኩ። የተመካከርነው እሳት ዳር ነው፤ የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአባባ ፍላጎት አጭር ነበር። «ጊዮርጊስን ልሳለም፤ የስድስት ኪሎውን አንበሳ ደግሞ በዓይኔ ልየው» አሉ። እማዬ ግን «ለኔ ምን አለኝ፤ እናንተ የወደዳችሁትን» ብላ ወደ ድስቷ ዞረች። ደጋግሜ ስጨቀጭቃት፣ ድስቱን እያማሰለች፣ ፊቷንም ሳታዞር፣ «ሰው ያቀረበልኝን ቁጭ ብዬ ብበላ ደስ ይለኛል» አለች።

የሰፈሩ ሠርግና ለቅሶ ያለሷ አይሆንም ነበር። እሷ ግን የምትበላው ሁሉም ከማዕድ ከተነሳ በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ቆማ ነው። ይህን ሁልጊዜ እናየዋለን፤ ነገር ብለን ግን አንስተነው አናውቅም።

ከዚያ ወዲያ ዕቅዱ ሁሉ ለዚያች ምሳ ሆነ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የምትኖረው አክስቴ መምጣታችንን እንዳትሰማ ተማማልን። ከሰማች ምሳው እሷ ቤት ነው፤ እሷ ቤት ከሆነ ደግሞ እማዬ መቀነቷን አጥብቃ ጓዳ መግባቷ አይቀርም። «ምንም እንዳትይዢ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ።

ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡሱ ውስጥ የኮባ ቅጠልና የጥቁር አዝሙድ ሽታ ሲያውደኝ ከሌላ ተሳፋሪ መስሎኝ ነበር። አንበሳውን አየን፤ ተኝቶ ነበር፣ አባባ ግን «አቤት ግርማው!» እያሉ አልጠገቡትም። ድልድዩን አንገታችንን ደፍተን በጥድፊያ ተሻገርን። ጊዮርጊስን ተሳልመን፣ እግራችን ዝሎ፣ ከመረጥኩት ምግብ ቤት ደረስን። ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ለብሷል፣ ባንኮኒው ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ የቲማቲም ስጎ ይሸታል።

ፀጉሩ የሸበተ አስተናጋጅ ነጭ ኮቱን ቆልፎ መጣ። እማዬ ብድግ አለችለት። ከጋቢዋም ሥር በኮባ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«እማዬ!» አልኩ በሹክሹክታ። የጎን ጠረጴዛ ሰዎች ዞረው ያዩናል፤ ፊቴ ጋለ።

«ምነው? የሰው ቤት ባዶ እጅ ይገባል እንዴ?» አለች፣ ከልቧ ገርሟት።

ሰውዬው ዳቦውን አየ፤ ከዚያም እሷን። አንዴ ቢስቅባት ምሳችን እዚያው ያበቃ ነበር፤ አውቃታለሁ፣ ተመልሳ አትቀመጥም። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ። ካገሬ ከወጣሁ ይህን ሽታ አላገኘሁትም» አለ።

እሷ ደግሞ ልትቆርስለት ተከትላው መሄድ ጀመረች።

«አይሆንም፣ ይቀመጡ» አላት። «ዛሬ እንግዳ እርስዎ ነዎት።»

ዳቦውን ከቢላዋ ጋር ይዞ ተመለሰ፤ አባባ ባርከው ቆረሱት። አስተናጋጁ የመጀመሪያውን ቁራሽ በሳህን አድርጎ እማዬ ፊት አስቀመጠ።

«እርስዎም ይቅመሱ እንጂ!» አለችው። እሱም ቀመሰ፤ ለባልደረቦቹም ወሰደላቸው። ከዚያ ፓስታው መጣ፣ ክሬም ካራሜሉም መጣ። እማዬ እየተሽኮረመመች፣ ግን ቁጭ ብላ፣ የቀረበላትን ሁሉ በላች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ወደ አባባ ዞረች።

«ዳቦዬ እንዲህ ይጥማል እንዴ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ዳቦ በተቆረሰ ቁጥር የመጀመሪያው ቁራሽ የሷ ሆነ፤ አባባ ዓይናቸው እስኪከደን ድረስ ይህን አልረሱም።

ያ ምግብ ቤት ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። እማዬም የለችም፤ ትናፍቀኛለች። ልጄ የመረጠችው ቦታ ወንበሩ ምቹ፣ ምግቡም ጥሩ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እንደ እናቴ «እሺ፣ ምንም አልይዝም» ብያታለሁ። የሚያስተናግደን ሰው ግን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የእናቱ ዳቦ ከሸተተውም ስንት ጊዜ እንደሆነው ማን ያውቃል። ከገበያ የኮባ ቅጠል እንዲያመጡልኝ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።