ውኃ የምትቀዳ ልጅ አትመዘገብም

ጥቅምት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፤ ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ዓመት ከአራት ወር።

ትናንት ጠዋት ላንቴ ቀበሌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ የልጅ ልጄ ሊሆን በሚችል ባለሙያ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። በሠላሳ አምስት ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ያላደረግሁትን ነው ያደረግሁት። አልጸጸትም።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች በምርመራ ተለይተው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደሚከፈተው ልዩ ክፍል ይገባሉ ተብሎ ነበር። የጎረቤቴ የወይዘሮ አበበች ልጅ ሠናይት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስከ አምስት መቁጠር አልሆነላትም። አምና ብቻዋን ወጥታ፣ በምዕራብ ዓባያ መንገድ ስትሄድ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው የመለሳት። እናቷ ሙዝ ማሳ፣ ታናሽ እህቷ ትምህርት ቤት ሲውሉ የሚጠብቃት የለም። ይህ ክፍል ለእነርሱ ምን እንደሆነ እንግዲህ ገምቱት...

ከሠናይትና ከእናቷ ጋር ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ከእኛ ፊት አንዲት እናት ወንድ ልጇን ይዛ ቀረበች። ባለሙያው ከቅጹ እያነበበ እናቲቱን ይጠይቃል፤ ልጁን ቀና ብሎም አያይም።

«ውኃ ይቀዳል?»

«ወንድ ልጅ? ምን በወጣው።»

«ቤት ይጠርጋል? ዕቃስ ያጥባል?»

«እህቶቹ እያሉ?»

ልጁ ተመዘገበ። ይሁንለት። ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ።

«ውኃ ትቀዳለች?»

«ትቀዳለች» አለች ወይዘሮ አበበች። «ትጠርጋለች፤ ዕቃም ታጥባለች።»

ባለሙያው ነጥቡን ደመረ። «ልጅቷ ደህና ናት። ቀጣይ።»

«ቆይ» አልኩት። «ታናሽ እህቷ አብራት ያልሄደች ቀን ምን እንደምትሆን እናቷን ጠይቃት።»

ወይዘሮ አበበች አፈጠጠችብኝ። «ውኃ አትቀዳም ብዬ ልዋሽ ጋሼ? ሥራ አትችልም ከተባለ ነገ ማን ዘወር ብሎ ያያታል?»

«አትዋሺ። ታናሿ ያልሄደች ቀንስ?»

ድምጿ ወረደ። «ጄሪካኑን ይዛ በር ላይ ትቆማለች... ሰው እስኪመጣላት።»

«እሱ ቅጹ ላይ የለም አባባ» አለ ወጣቱ።

ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። «አንተ ውኃ ትቀዳለህ?»

«እኔ?»

«ቤትስ ትጠርጋለህ?»

«ሠራተኛ አለች... ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?»

«እንግዲያስ አንተንም እንመዝግብህ፤ ቦታው ሳይሞላ።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እርሱ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «ቅሬታ ካለዎት እስከ ዓርብ በጽሑፍ ያቅርቡ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። በእነዚያ ደጋግ ዘመናት፣ ሰሌዳ እያጸዱ፣ ወለል እየጠረጉ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ዓመቱን የሚጨርሱ ሴት ልጆች በክፍሌ ነበሩ። በካርዳቸው ላይ «ጨዋና ታታሪ» ብዬ ጽፌ አሳለፍኳቸው። ከእነርሱ ስንቶቹ እንደ ሠናይት ነበሩ? አልጠየቅሁም። ለዚያ ወጣት የመዘዝኩት ምላስ ለእኔም ይገባኝ ነበር።

ዛሬ ማለዳ ቅሬታውን በሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ቅጹ ሥራ የታዘዘችን ልጅ ጤነኛ፣ ሥራ ያልታዘዘን ልጅ ደካማ እንደሚያደርግ አስረዳሁ። ወይዘሮ አበበች ከመፈረሟ በፊት ወረቀቱን በጥርጣሬ አየችው።

«ልጄን ጅል ናት ብለው ጻፉ?»

«የለም። ብቻዋን ስትሆን በር ላይ ቆማ እንደምትቀር ጻፍኩ።»

ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከስሜ አጠገብ አሳረፈች።

አሽጌ ልኬዋለሁ።